አክሲዮን እንግዛ ወይስ ይቅርብን?

(በሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላይ ያልተገኛችሁ ነዋሪዎች ታነቡት ዘንድ ሙሉ ቃሉ በዚህ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል።)



እንደሚታወቀው ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲሸጥ በሰፈራችን ያልተከራከረ ቤት አልነበረም። በቡና ላይ፣ በእቁብ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ መልስ፣ ወሬው ሁሉ አክሲዮን ሆኖ ነበር። አንዱ «ያለኝን ሁሉ ላግባበት» ሲል፣ ሌላው «ኧረ ተወኝ፣ ወረቀት ገዝቼ ምን ልበላ ነው» ይል ነበር። ከዚህም አልፎ «የእድራችን ገንዘብ ባንክ ውስጥ ከሚተኛ ለምን አክሲዮን አይገዛበትም» የሚል ሐሳብ ከአባላት ለኮሚቴው ቀርቧል። ሽያጩ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም። ለሽያጭ ከቀረበው ውስጥ የተሸጠው ከአሥር አንድ እጅ ያህል ብቻ ስለነበረ፣ የዚሁ ኩባንያም ሆነ የሌላ ጥሪ ነገ ቢመጣ ዳግመኛ ልንደናገር አይገባም። ስለሆነም ኮሚቴው ነገሩን መርምሮ የደረሰበትን ዛሬ ያቀርብላችኋል።

በመጀመሪያ አክሲዮን ምን እንደሆነ እንስማማ። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። አክሲዮንም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ድርጅት ብዙ ሰው ተካፍሎ ይይዘዋል። ድርጅቱ ሲያተርፍ የትርፍ ድርሻ ይካፈላል፤ ሲከስርም ኪሳራው ይደርሰዋል። ይህ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አዋሽ ባንክ በኅዳር ወር 1987 ዓ.ም. ሲቋቋም መሥራቾቹ 486 ባለአክሲዮኖች፣ የተከፈለው ካፒታልም 24.2 ሚሊዮን ብር ነበር። ዛሬ ከአገሪቱ ትላልቅ የግል ባንኮች አንዱ ሆኗል። ከወለጋም ያኔም ሆነ በኋላ የባንክ አክሲዮን የገዙ ሰዎች አሉ።

ነገር ግን አክሲዮንን ከባንክ ቁጠባ የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እሱን በደንብ እንያዝ። ባንክ ያስቀመጥነውን ገንዘብ ስንፈልግ ሄደን እናወጣለን። አክሲዮን የገዛንበትን ገንዘብ ግን ኩባንያውን «መልስልኝ» አንለውም። ገንዘባችን ወደ እጃችን የሚመለሰው ሌላ ሰው ድርሻችንን ሲገዛን ነው፤ የሚገዛንም እሱ በሚሰጠው ዋጋ ነው።

«ታዲያ ገበያ ተከፍቷል አይደል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ጀምሯል፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ታላላቆቻችን እንደሚያስታውሱት በንጉሡ ዘመን በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ አክሲዮን የሚገበያይበት ስፍራ ተቋቁሞ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ትላልቆቹ ኩባንያዎች ሲወረሱ ያም ገበያ ቆመ፤ አገሪቱም ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ያለ አክሲዮን ገበያ ቆየች። እንግዲህ ገበያው ገና ልጅ ነው። ደግሞም ገበያ መኖሩ ብቻ ገዢ አለ ማለት አይደለም። በግ ይዞ ነቀምቴ ገበያ የወጣ ሰው ይህን ሊነገረው አያስፈልግም። ለበዓል ዋዜማ የሚሻሙበት በግ በጾም ጊዜ ጠያቂ ያጣል፤ ባለበጉም ወይ በርካሽ ይሸጣል፣ ወይ እየጎተተ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አሁን ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ እንምጣ፤ ከሱ ብዙ የምንማረው ነገር አለ።

ለሽያጭ የቀረበው የኩባንያው 10 በመቶ ነበር። ይኸውም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር ሒሳብ፣ በጠቅላላው 30 ቢሊዮን ብር ማለት ነው። አንድ ሰው ቢያንስ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር፣ ቢበዛ ደግሞ 3,333 አክሲዮን፣ ማለትም 999,900 ብር፣ እንዲገዛ ተፈቀደ። ግዢው የሚፈጸመው በቴሌብር ነበር። መጀመሪያ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ይዘጋል ተብሎ፣ በኋላ እስከ የካቲት 7 ተራዘመ። በመጨረሻ ኩባንያው እንዳስታወቀው 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዙ፤ የተሰበሰበውም 3.2 ቢሊዮን ብር ሆነ። ይህ ለገዢዎቹ ቁጥር ቢካፈል ለአንድ ሰው 67 ሺህ ብር ግድም ይደርሰዋል። ስለዚህ «ሕዝቡ ሁሉ ገዛ» ሲባል የሰማነው ወሬና እውነቱ ለየቅል ናቸው። የገዛው ጥቂት ሰው ነው፤ እሱም በአማካይ ሲታይ ከዝቅተኛው መጠን ብዙ እጥፍ የገዛ ነው። ጎረቤት ገዛ ብሎ መግዛት፣ ጎረቤት አልገዛም ብሎም መተው፣ ሁለቱም ሒሳብ አይደሉም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። እርሳስና ወረቀት የያዘ ይከተለን።

የአንድ ኩባንያ 10 በመቶ 30 ቢሊዮን ብር ከተባለ፣ ሙሉው 300 ቢሊዮን ብር ተገምቷል ማለት ነው። በ300 ብር ሲካፈል አንድ ቢሊዮን አክሲዮን ይሆናል። እንግዲህ 9,900 ብር ያለው ሰው ሁለት መንገድ አለው እንበል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎ ነበር። በዚህ ሒሳብ 9,900 ብር በዓመት 693 ብር ይወልዳል። 33ቱ አክሲዮን ይህንኑ ያህል እንዲያስገቡ፣ እያንዳንዱ አክሲዮን በዓመት 21 ብር የትርፍ ድርሻ መክፈል አለበት። ለአንድ ቢሊዮን አክሲዮን 21 ብር ለመክፈል ደግሞ ኩባንያው በየዓመቱ 21 ቢሊዮን ብር ለባለአክሲዮኖች ማካፈል ይኖርበታል።

ይህ ይቻላል ወይ? ኩባንያው ባስታወቀው መሠረት ጠቅላላ ገቢው በ2016 በጀት ዓመት 93.7 ቢሊዮን ብር ነበር፤ በ2017 ደግሞ 162 ቢሊዮን ብር ደርሷል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ የሚናቅ ድርጅት አይደለም። ሆኖም ገቢና ትርፍ አይምታቱብን። ሱቅ ያለው ወንድማችን በቀን የገባለትን ብር ሁሉ አተረፍኩ አይልም። የዕቃው፣ የቤት ኪራዩ፣ የመብራቱ፣ የግብሩ ከላዩ ላይ ይነሣል። ቴሌኮምም እንደዚሁ ከገቢው ላይ ደመወዝ ይከፍላል፣ ለማማዎቹ ነዳጅና መብራት ይገዛል፣ ብድር ይከፍላል፣ ግብር ይከፍላል። መሣሪያው ከውጭ በዶላር የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ቀድሞ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የውጭ ዕቃና የውጭ ዕዳ ያለበት ድርጅት ሁሉ ይህ ይከብደዋል። ከተረፈውም ትርፍ ላይ ለማስፋፊያ የሚቀር አለ፤ ለባለአክሲዮን ከሚደርሰውም ላይ ግብር ይቆረጣል።

ስለዚህ ገዢ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ኩባንያው ትልቅ ነው ወይ?» የሚለው ብቻ አይደለም። ትልቅነቱን ማን ያጣዋል! ጥያቄው «ለዚህ ድርሻ በዚህ ዋጋ ስከፍል በየዓመቱ ስንት ይደርሰኛል?» የሚለው ነው። ጥሩ በሬም ቢሆን ከዋጋው በላይ ከተገዛ ባለቤቱን ያከስራል።

ሌላ ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛው ውድድር ነው። ቴሌኮም ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛ ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሥራውን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ግን ደንበኛ የሚመርጠው አለው። ለተጠቃሚ ደስ የሚለው ውድድር ለባለአክሲዮን ሥጋት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው እኛ የወለጋ ሰዎች ከማንም ይበልጥ የምናውቀው ነው። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ፣ ወለጋን ጨምሮ፣ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የታወቀ ነው። የስልክ ኩባንያ የሚሸጠው መስመር ነው። መስመር በተቋረጠበት አካባቢና ጊዜ ገቢ የለም። የአክሲዮን ዋጋ ከሰላም ጋር የተያያዘ መሆኑን ሌላው አገር በመጽሐፍ ቢያነበው፣ እኛ በኑሮ አይተነዋል።

ይህን ስንል ግን «አትግዙ» ማለታችን እንዳይመስላችሁ። የሌላውን ወገን ክርክርም በቅን ልቡና መመርመር አለብን። ብር ፍራሽ ሥር ማስቀመጥም ኪሳራ አለው። የኑሮ ውድነቱ ከ7 በመቶ በላይ ሲሮጥ ባንክ ያለው ገንዘብም እያነሰ ይሄዳል። የዛሬ አምስት ዓመት አንድ ኩንታል ጤፍ የገዛ ብር ዛሬ ስንት ኪሎ እንደሚገዛ እናቶች ይንገሩን። ጥሩ ድርጅት ከኑሮው ጋር አብሮ ዋጋው ሊያድግ ይችላል። ታግሶ ለሚጠብቅ ሰው አክሲዮን መልካም ሀብት ሊሆን እንደሚችል አንክድም።

ትዕግሥት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ጎረቤታችን ኬንያ ታስተምረናለች። በ2008 እ.ኤ.አ. የኬንያ መንግሥት ከሳፋሪኮም 25 በመቶውን አንዱን አክሲዮን በ5 ሽልንግ ለሕዝብ ሸጠ። ሕዝቡ ከቀረበው በላይ ጠየቀ። ከባንክ ተበድረው የተሰለፉም ብዙ ነበሩ። ጠያቂው በመብዛቱ ትንንሾቹ ገዢዎች ከጠየቁት ጥቂቱን ብቻ አገኙ፤ የብድሩ ወለድ ግን በሙሉ ይቆጠር ነበር። ከዚያም በወራት ውስጥ ዋጋው ከ5 ሽልንግ በታች ወረደ። ዕዳ የነበረበት፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የደረሰበት፣ በኪሳራ ሸጦ ወጣ። ገንዘቡ ያላስቸኮለው ግን ያዘው። በ2021 እ.ኤ.አ. የዚያው አክሲዮን ዋጋ ከ40 ሽልንግ በላይ ደርሶ ነበር። ልብ በሉ፤ ኩባንያው አንድ ነው፣ የተገዛበትም ዋጋ አንድ ነው። አንዱን ያከሰረው፣ ሌላውን የጠቀመው፣ ገንዘቡ የምን ገንዘብ እንደነበረ ነው።

የንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ኩባንያውን ከመመርመራችን በፊት ገንዘባችንን እንመርምር። በኮሚቴው አስተያየት በአንድ ቤት ሦስት ዓይነት ገንዘብ አለ።

የመጀመሪያው ቀን የተቆረጠለት ገንዘብ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነበረ፤ ይህ በእኛ አገር ቡና የሚለቀምበትና የሚሸጥበት ወቅት ነው። በጊምቢም፣ በደምቢ ዶሎም፣ በነጆም፣ እዚህ በነቀምቴም በእጅ ብር የሚታይበት ጊዜ ነው። ብር በእጅ ሲኖር ሰው ሀብታም የሆነ ይመስለዋል። ግን ያ ብር እስከ ሚቀጥለው ለቀማ ድረስ ሥራ አለበት። ለበቆሎው ማዳበሪያ ከክረምት በፊት ይፈለጋል፤ በመስከረም የልጆች ደብተርና ልብስ አለ፤ በመሐሉ የሕክምና አለ። ይህ ብር ወደ አክሲዮን አይሄድም። ሄዶ በሰኔ ቢፈለግ፣ ከገበያ ገዢ ጠፍቶ ባለቤቱ በአራጣ ሊበደር ነው።

ሁለተኛው የሌላ ሰው ገንዘብ ነው። የተበደርነው፣ የእቁብ ዕጣ ቀድሞ ደርሶን ገና የምንከፍልበት፣ በአደራ የተቀመጠልን። ይህም አይነካም። ዕዳ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፤ ትርፍ ግን ቀን አይቆርጥም።

ሦስተኛው ቢቀመጥ የማይርበን፣ ለአምስትም ለአሥርም ዓመት ባናየው ቤታችን የማይናጋ ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ያለው ሰው አክሲዮን ቢገዛ እንመርቀዋለን። እሱም ቢሆን ሁሉንም በአንድ ድርጅት ላይ ባያፈስስ ይሻላል። እንዲህ ያለ ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ አያፍር፤ አክሲዮን ያልገዛ ሁሉ ኋላ ቀር አይደለም። መጀመሪያ ለክፉ ቀን የሚሆን ቁጠባ ይኑረው።

በዚሁ አጋጣሚ ለሚገዙ ወገኖቻችን ጥቂት ምክር እንስጥ።

ማንኛውም ለሕዝብ የሚሸጥ አክሲዮን የሽያጭ መግለጫ አለው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ ይህን ሥራ የሚቆጣጠር የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የተባለ መሥሪያ ቤት አቋቁሟል። መግለጫ የሌለው፣ ባለሥልጣኑ የማያውቀው ሽያጭ ከመጣ ከሩቁ ሽሹት። መግለጫው ረጅምና አሰልቺ ቢሆንም የዕዳውንና የትርፉን ገጽ ሳታነቡ አትክፈሉ። ማንበብ የሚያስቸግረው ሰው ልጁን ያስነብብ።

በስልክ የሚገዛ አክሲዮን ሲሆን የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ። «እኔ በስሜ ልግዛልህ፣ በኋላ እንካፈላለን» የሚላችሁ ሰው የገዛ ዘመድ ቢሆንም እንኳ እምቢ በሉ። አክሲዮን የሚታወቀው በተመዘገበበት ስም ነው። ስማችሁ በትክክል፣ በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው መጻፉን አረጋግጡ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ እናንተ የቤት አባወራዎችና እማወራዎች፣ የገዛችሁትን ለትዳር ጓደኛችሁና ለልጆቻችሁ ንገሩ። የግዢውን ማረጋገጫ አትማችሁ ከቤት ካርታው ጋር አስቀምጡ። እኛ እድርተኞች ለቅሶ ቤት የምንገባ ሰዎች ነን። ሟቹ ምን እንደነበረው ቤተሰቡ ሳያውቅ ሲቸገር ማየት ለእኛ አዲስ አይደለም። መሬትና በሬ ይታያል፤ በስልክ ውስጥ ያለ ሀብት ግን ባለቤቱ ካልተናገረ ማን ያየዋል?

አንድ ነገርም አንርሳ። 33 አክሲዮን የያዘ ሰው ከአንድ ቢሊዮን ውስጥ 33 ነው የያዘው። ለሕዝብ የቀረበው 10 በመቶ ሙሉ በሙሉ ቢሸጥ እንኳ 90 በመቶው የመንግሥት ነው። ኩባንያው ታሪፍ ሲቀንስ፣ ማማ ሲተክል፣ ትርፍ ላካፍል ወይስ ላቆይ ሲል፣ ውሳኔው በትልቁ ባለድርሻ እጅ ነው። ስለዚህ «ባለቤት ሆንኩ» የሚለው ቃል ልባችንን አያሳብጠው፤ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ መከታተልን፣ ሪፖርት ሲወጣ ማንበብን ግን እንደ መብታችን እንያዝ።

በመጨረሻ ወደ እድራችን ገንዘብ እንመለስ። ሐሳቡን ያቀረቡ አባላት በቅን ልቡና፣ ማኅበሩ እንዲያድግ ብለው እንዳቀረቡት ኮሚቴው ያምናል፤ ያመሰግናልም። ነገር ግን የእድር ገንዘብ የሞት ገንዘብ ነው። ሞት ደግሞ ቀን አይነግርም። ሌሊት ለቅሶ ሲነሣ ጠዋት ሣጥንና ከፈን፣ ድንኳንና እህል መቅረብ አለበት። ያን ጊዜ «ጥቂት ታገሡ፣ ገበያው ሲሻል አክሲዮናችንን እንሸጣለን» ተብሎ ለሐዘንተኛ አይነገርም። ቀደም ብለን ከከፈልናቸው ሦስት ዓይነቶች ውስጥ የእድር ገንዘብ የመጀመሪያውም ሁለተኛውም ነው። ቀኑ በእኛ እጅ ያልሆነ ገንዘብ ነው፤ ደግሞም የማናችንም የግል ያልሆነ፣ የሁላችንም አደራ ነው።

ስለሆነም ኮሚቴው ለውሳኔ የሚያቀርበው የሚከተለውን ነው። የእድሩ ገንዘብ ባለበት ባንክ ይቆይ፤ አክሲዮን አይገዛበት። በግል ለመግዛት የሚፈልግ አባል በራሱ ገንዘብና በራሱ ውሳኔ ይግዛ፤ ማኅበሩ ለማንም ብር አይሰብስብ፣ «ይህን ግዙ» ብሎም አይምከር። አዲስ ሽያጭ በይፋ ሲታወጅ ግን የሽያጭ መግለጫውን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጮክ ብለው የሚያነቡልን፣ ሒሳቡንም ዛሬ እንዳደረግነው በሰሌዳ ላይ የሚያሰሉልን የተማሩ የሰፈራችን ልጆች እንዲመደቡ ይደረግ። ከተስማማችሁ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ድምፅ እንሰጥበታለን። የተለየ ሐሳብ ያለው አባል እስከዚያው ለኮሚቴው ጸሐፊ በጽሑፍ ያቅርብ፤ ተቃውሞም ቢሆን በደስታ እንቀበላለን።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። አክሲዮን ነገም ይኖራል፤ ጥሪውም ይመጣል። እስከዚያው በየቤታችን ቁጭ ብለን ገንዘባችንን በሦስት እንክፈለው።



የሰፈሩ ማኅበር ሥራ አመራር ኮሚቴ
ነቀምቴ